በርበሬ የገባበት ቀስት

ዛሬ ከሥራ ስመለስ ጎረቤቴ አጥንት እየቀቀለች ነበር። ሽታው ማስኬን አልፎ ሲገባ በረንዳው ላይ ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ።

ልጅ ሆኜ አሜሪካ፣ ፍራንክሊንተን በሚባል ሰፈር ስንኖር ከላያችን ፎቅ ጋሼ ከማል የሚባሉ የቱርክ ሰው ነበሩ። እንደ አባቶቻቸው ቀስት ይሠራሉ፤ መሀሉ እንጨት፣ በሆዱ በኩል የጎሽ ቀንድ፣ በጀርባው የበሬ ጅማት። ሦስቱን የሚያጣብቀው ሙጫም ከጅማት ተቀቅሎ የሚወጣ ነው። በሕማማት ፍሪጃቸው ተበላሸና የሙጫውን ድስት "አደራ፣ አስቀምጪልኝ" ብለው ሰጡኝ። ፍሪጃችን ውስጥ ከተትኩት፤ ለእማዬ መንገር ግን ረሳሁ።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ድስታቸውን ሊወስዱ ሲያንኳኩ፣ እማዬ ጎረቤት የላከልን መረቅ መስሏት በርበሬ ነስንሳበት እያማሰለች ነበር። ጋሼ ከማል የስንት ቀን ድካማቸው ምድጃ ላይ ቀልቶ አዩት። እኔ ጠረጴዛ ሥር ልገባ ምንም አልቀረኝም።

"ቅቤ ገብቶበታል?" አሉ ቀስ ብለው።

"ልጨምር ስል ነው የመጡት" አለች እማዬ፣ እኔ እየተንተባተብኩ ሳስተረጉም።

"እንግዲያው ተርፏል። ሙጫ የሚፈራው ቅባት ነው።" ጣታቸውን ነክረው ከአውራ ጣታቸው ጋር አጣበቁት፤ ከዚያ ላሱት። "ጨው ግን ያንሰዋል።"

በዓመቱ ቀስቱ ደርቆ ሲያሳዩን ቀንዱና እንጨቱ በተገናኙበት ቀጭን ቀይ መስመር ነበረበት። እማዬ አሸተተችውና "የእኔ በርበሬ ነው" ብላ ኮራች። በኋላ ጋሼ ከማል ቤት ቀየሩ፤ ቀስቱ የት እንደደረሰ አላውቅም።

ጎረቤቴ ስስቅ ሰምታ መስኮቷን ከፈተች። "መረቅ ልስጥሽ?"

"መረቅ መሆኑን እርግጠኛ ነሽ?" አልኳት።