የአክሲዮን መርዶ

አባቴ አትላንታ፣ ኮሌጅ ፓርክ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ የሆቴል ሚኒባስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ አዲስ አበባ ገባ። አሜሪካዊ ዜግነቱን ይዞ፣ ከጉርሻ ባጠራቀማት ገንዘብ የገዛትን አክሲዮን አሜሪካ ትቶ። ከኋላው ተቀምጠው የሚያወሩ ነጋዴዎችን እየሰማ እንደተማረ ይናገራል፤ እኔ ግን ግማሹን በድፍረት ብቻ እንደገዛው አውቃለሁ። ገንዘቡን «ምርኩዜ» ነበር የሚለው።

በገባ በዓመቱ፣ አክሲዮኑን የያዘለት የአሜሪካ ድርጅት አድራሻውን ጠየቀ። «የእኔን ቤት አድራሻ ስጣቸው» አልኩት። አባቴ እቴ! ባልተጠየቀው ሁሉ እውነት የሚናገር ሰው፣ ተጠይቆማ! የምኖረው አዲስ አበባ ነው አላቸው። እነሱም ውጭ አገር የሚኖር ደንበኛ አንይዝም ብለው አሰናበቱት። ዱባይ የሚሠራ የጎረቤት ልጅ እዚያ ካለ አንድ የአክሲዮን ደላላ ድርጅት ጋር አገናኘውና ሂሳቡ ወደዚያ ዞረ። ሰላሜ ያበቃው ያን ቀን ነው። አሜሪካዊ በሰው አገር ገንዘብ ካለው በየዓመቱ ለመንግሥት ማሳወቅ አለበት፤ ወረቀቱን የምሞላው ደግሞ እኔ ነኝ። አንድ ቁጥር ብሳሳት አባቴን ከአውሮፕላን ሲወርድ የሚይዙት ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ባንክ ዕዳውን መክፈል ያቃተውን ሰው ቤት የሚወስድበት ዓመት መጣ። ኢስት ፖይንት፣ እኛ መንገድ ላይ፣ በየበሩ ወረቀት ይለጠፍ ጀመር። አክሲዮኑም ከቀን ቀን ወረደ። በዚያው ሰሞን አሜሪካ ሀብታሞቿ ገንዘብ ይደብቁባቸዋል ብላ የውጭ ባንኮችን ማስጨነቅ ያዘች፤ የዱባዩ ድርጅትም ጣጣ ፈርቶ አሜሪካዊ ደንበኞቹን ሂሳባችሁን ውሰዱልኝ አለ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ሌላ ቦታ ለማዛወር ያልደወልኩበት የለም። እዚህ ያሉት «የሚኖረው ውጭ ነው» ይሉኛል፤ ውጭ ያሉት «አሜሪካዊ ነው» ይሉኛል። አባቴ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነ። ቀኑ ሲደርስ ድርጅቱ ያለውን ሁሉ በወደቀው ዋጋ ሸጦ በኢሜይል አሳወቀኝ። የአባቴ ገንዘብ ግማሹ የለም።

እንዴት ልንገረው? ደም ግፊት አለበት። ጠዋት ጠዋት ሰፈሩ ያለች ኢንተርኔት ቤት ሄዶ ሂሳቡን የማየት ልማድ አለው። ብቻውን እዚያች ወንበር ላይ ሆኖ ሲያየው፣ ከዚያ ወደ ጎን ሲዘነበል ታየኝ። ሁለት ጊዜ ደውዬ ድምፁን ስሰማ ስለ አትላንታ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁ። ፈሪ ነኝ፤ ምን ይደረጋል። በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለችው ታናሽ እህቱ ጋ ደወልኩ።

«እትዬ፣ የአባዬ ገንዘብ ግማሹ ጠፋ። ነገ በጠዋት፣ ከቤት ሳይወጣ ይንገሩልኝ። ብቻዎን ግን እንዳይሄዱ፤ የሚያጽናናው ሰው ይያዙ። አደራ፣ ቀስ ብለው።»

«አታስቢ የኔ ልጅ» አለችኝ። «እኔ አውቅበታለሁ።»

አክስቴ በሰፈሯ ስንት መርዶ ያረዳች ሴት ናት። ክፉ ወሬ እንዴት እንደሚነገር ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ያንኑ አደረገች። የአባቴን የነፍስ አባትና ሁለት የዕድር ሽማግሌዎች ይዛ፣ ገና ሳይነጋ በሩን አንኳኳች። አባቴ በቢጃማ ወጥቶ ከፈተ። ቄስ ቆመዋል። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። እህቱ ከኋላ ናት። በአገራችን በዚያ ሰዓት እንዲያ ሆኖ የሚመጣ ሰው ይዞት የሚመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ልጄን!» ብሎ እዚያው ተዘረጋ።

ግቢው ውስጥ የተከራየችው ሴት ጮኸች። ጎረቤት ጩኸቷን ሰምቶ እየጮኸ ገባ። ማን ነው የሞተው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ በኋላ ይጠየቃል። ቄሱ «ገንዘብ ነው! ኧረ ገንዘብ ነው!» ይላሉ አሉ። ማን ይስማቸው!

እኔ ጋ ምሽት ነበር፤ ወጥ ቤት ቆሜ ዕቃ አጥባለሁ። ስልኩን ሳነሳ የሰማሁት ለቅሶ ነው። አባቴ ሞተ፣ ገደልኩት አልኩ። ከዚያ ከለቅሶው መሀል የገዛ ድምፁ መጣ።

«አለሽ?»

«አለሁ አባዬ! አለሁ! ገንዘቡ ነው እኮ፣ ግማሹ…»

«እሱን ቄሱም ነገሩኝ» አለኝ። «ለገንዘብ ቄስ አይመጣም። ወንድምሽን አገናኚኝ።»

እውነቱን ነው። እኛ ዘንድ መርዶ ደረጃ አለው፤ መጀመሪያ አመመው ይባላል፣ ቀጥሎ ጠናበት። አባቴ የገንዘቡን ወሬ የመጀመሪያዋ ደረጃ አድርጎ ያዛት። ወንድሜ ደግሞ ከአትላንታ ወደ ሰሜን፣ ዱሉዝ፣ መጋዘን ውስጥ የማታ ተረኛ ነው፤ ስልኩን ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ነው የሚገባው። ደጋግሜ ደወልኩ፣ አያነሳም። ይህንኑ ለአባቴ ነገርኩት።

«ንገሪኝ ልጄ» አለኝ በቀጭን ድምፅ። «ችዬ እሰማዋለሁ።»

በማርያም ምዬ፣ በልጆቼ ምዬ አላመነኝም። ምዬ ስጨርስ ደግሞ እኔ ራሴ መጠራጠር ጀመርኩ። ወንድሜን በድምፅ ከሰማሁት ስንት ቀን ሆነኝ? ያን ከባድ ዕቃ የሚያነሳ ፎርክሊፍት እኮ ነው የሚነዳው። ስሊፐሬን እንዳደረግኩ መኪና ውስጥ ገባሁ። ኤይቲ ፋይቭ አውራ ጎዳናን ወደ ሰሜን እንዴት እንደነዳሁት አላስታውስም፤ አምቡላንስ ባለፈኝ ቁጥር ወደ ዱሉዝ መሄዱን ለማየት አንገቴን አሰግግ ነበር። መጋዘኑ በር ላይ ለዘበኛው «ፋሚሊ ኢመርጀንሲ» አልኩት።

ወንድሜ የሚያብረቀርቅ ሰደርያውን እንደለበሰ፣ ፊቱን አጨማዶ ወጣ።

«ዋት ሃፕንድ? ኦን ዘ ክሎክ ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ እኮ!»

ልስመው ልምታው አላወቅኩም። አዲስ አበባ ደውዬ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፍኩበት። «አባዬ ነው። አለሁ በለው።»

«አለሁ… አባዬ፣ አለሁ። ኖ፣ ምንም አልሆንኩም።» ስልኩን በእጁ ሸፈነው። «እያለቀሰ እኮ ነው። ማን ሞተ?»

«ማንም። ገንዘቡ ግማሹ ጠፋ።»

ዓይኑን አፍጥጦ አየኝና ስልኩን መልሶ ጆሮው ላይ አደረገ። ከዚያኛው ጫፍ እልልታ ይሰማል። ወንድሜ ሲያዳምጥ ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ሰዉ ሁሉ ለቅሶ ብሎ ግቢው ሞልቷል፣ ቁርስ ሳላበላ አልሸኝም እያለ ነው። የቀረው ብር ለአንድ በግ ይበቃል ወይ ብለህ ጠይቃት ይላል።»

«ይበቃል በለው» አልኩና ፓርኪንጉ አስፋልት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።