በሴቶች አዳራሽ የተጫወትኳቸው ሴቶች

ሥራ የገባሁ ዕለት ማማ ዘህራ "ዘፈን ትችያለሽ ወይ?" ብለው አልጠየቁኝም። "ምንጣፉ ላይ ቁጭ በይ" አሉኝ። ቁጭ አልኩ። "አሁን ተነሽ።" ተነሣሁ።

"አይሆንም" አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። "የተነሣሽው እንደ ልጃገረድ ነው። የሙሽራዋ እናት ሃምሳ ዓመቷ ነው። መጀመሪያ እጇ መሬቱን ይፈልጋል፣ ከዚያ ጉልበቷ፣ ወገቧ መጨረሻ ነው። እንደገና።"

ያን ቀን ከቀትሩ ዝሁር እስከ ምሽቱ መግሪብ ሶላት ድረስ ስቀመጥ ስነሣ ዋልኩ። ማታ እውነትም ጉልበቴ እንደ ሃምሳ ዓመት ሴት ሆኖ ገባሁ።

ማማ ዘህራ የሳብያ ሴት ናቸው። በሴቶች ሠርግ የሚጫወት ቡድን፣ እነሱ ፊርቃ የሚሉት፣ አለቃ ናቸው። እዚህ ዓረብ አገር፣ ጂዛን፣ ሠርግ ሲሆን ወንዱ ለብቻው ሴቱ ለብቻው ነው፤ በሴቶቹ አዳራሽ ዘፋኟም ከበሮ መቺዋም ሴት ናት። ሌላው ቡድን ዘፍኖ ይሄዳል። የእኛ ግን ሙሽራዋ እስክትገባ ድረስ በዘፈን የሚሄድ ቲያትር ያሳያል። ማማ ዘህራ መሪ፣ አራት ጣር መቺዎች፣ ሦስት ተቀባዮች፣ አራት ተጫዋቾች። ጣር የሚሉት ባለ አንድ ፊት ከበሮ ነው።

ወንድ የለምና ወንዱንም የምንጫወተው እኛው ነን። ባል፣ አባት፣ ሙሽራ የምትሆነው አበባ ነበረች፣ የወልዲያ ልጅ፤ ቁመቷ በር የሚነካ፣ ጢሟን በዓይን ኩል የምትስል። ወደ ቡድኑ ያስገባችኝም እሷ ናት። እኔ ደሴ ሁለት ዓመት ኪነት ሠርቼ፣ ከዚያ አቡ አሪሽ ስድስት ዓመት የቤት ሠራተኛ ሆኜ ነበር። አበባ ለማማ ዘህራ ነገረች፣ አሠሪም ዋስም የሚሆነው ከፊሌ ተለወጠ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ኢቃማም በማማ ዘህራ ስም ሆነ። ስሜ ዘይነባ ነው፤ እነሱ ዘይነብ ይሉኛል።

የመጀመሪያዋ ሴቴ የሙሽራዋ እናት ናት። ሥራዋ ልጇን አስቀምጣ ፉል የሚሉትን ነጭ የአበባ ጉንጉን ጸጉሯ ላይ ማስያዝ ነው። ማስያዣው አሥራ ሁለት ነው፣ ስንኙም አሥራ ሁለት። በያንዳንዱ ስንኝ አንድ ማስያዣ ይገባል፤ አሥራ ሁለተኛው ሲገባ ከበሮው ያቆማል።

መጀመሪያ የተጫወትኳት ምሽት ዘፈኑ ላይ ቸኩዬ ነው መሰለኝ ስንኙ አለቀና ሁለት ማስያዣ እጄ ላይ ቀረ። ከበሮው ቆመ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ያየኛል። የማደርገው ጠፋኝ። ሁለቱን ማስያዣዎች እንደ ሴት ወግ በጥርሴ ያዝኩና፣ ቃል የለኝምና ዜማውን ብቻ በአፍንጫዬ እያንጎራጎርኩ አንድ በአንድ አስገባኋቸው። ፊት ለፊት የተቀመጡት ሴቶች መሐረብ ማውጣት ጀመሩ።

ስንወጣ "ማማ፣ አፉ በሉኝ፣ ቆጠራው ጠፋብኝ" አልኳቸው።

"ኸላስ፣ ከእንግዲህም ይጥፋብሽ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስንኙ አሥር ሆነ፣ ማስያዣው አሥራ ሁለት።

ሁለተኛዋ አማት ናት። አማትን ለመጫወት ወንበር አያስፈልግም፤ አማት አትቀመጥም። ወገቧ ላይ የቁልፍ እስር ታንጠለጥላለች፣ ስትራመድ ቁልፉ ከከበሮው ጋር ይመታል። ያን እርምጃ ለመያዝ ሳምንት ፈጅቶብኛል። አንድ ጊዜ ባይሽ በምትባል ከተማ ከጨዋታው በኋላ አንዲት ወይዘሮ እየሳቁ መጥተው ክንዴን ያዙኝ። "ወላሂ፣ እህቴን የት አየሻት? ቁርጥ እሷን!" አሉኝ። ኋላ ስንጠይቅ ሴትየዋ እህት የላቸውም። ያን ወሬ አበባ ዓመት ሙሉ ስትስቅበት ኖረች።

ሦስተኛዋ የዓሣ አጥማጁ ሚስት ናት። ይቺን ሴት ሁለት ዓመት ሙሉ በስሕተት ተጫውቼያታለሁ። ባሏ ባሕር ገብቶ ይዘገያል፤ እሷ ዳር ቆማ ወደ ሩቅ እያየች ትዘፍናለች። ዜማው ለእኛ ባቲ ቅርብ ስለሆነ ጉሮሮዬ ይወደዋል። እጄን ግንባሬ ላይ አድርጌ አሻግሬ እያየሁ እዘፍን ነበር፤ ሰውም ያጨበጭባል።

አንድ ቀን ፋራሳን ደሴት ሠርግ ተጠራን። ከጂዛን በመርከብ ተሻግረን፣ ከቀትር በኋላ አዳራሹ ውስጥ ልምምድ ስናደርግ፣ የሙሽራዋ ዘመድ የሆኑ አንዲት አሮጊት በር ላይ ተቀምጠው ያዩን ነበር። ዘፈኑን ስጨርስ በእጃቸው ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ባሕሩን ለምን ታዪዋለሽ?"

"ባሌን እየጠበቅኩ ነው፣ እናቴ።"

"ባሏን የምትጠብቅ ሴት ባሕር አታይም" አሉኝ። "ባሕር ካየች ሥራዋ ይቀራል፤ ልጆቿም ፊቷን አይተው ያለቅሳሉ። እኔ አሥራ አንድ ቀን ጀርባዬን ሰጥቼው ዓሣ ላይ ጨው ስነሰንስ ነበር። ጀልባ ሲመጣ በጆሮ ነው የሚታወቀው፤ የልጆች ጩኸት ይቀድማል።"

"ከዚያስ መጡ?"

"በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጀልባዋ መጣች" አሉ።

ስለ ሰውየው አልጠየቅኳቸውም። እሳቸውም አልነገሩኝም። ይልቅ ቢላዋ አስመጥተው ዓሣ እንዴት እንደሚሰነጠቅ አሳዩኝ፤ ከሆዱ ሳይሆን ከጀርባው ተከፍቶ፣ እንደ መጽሐፍ ተዘርግቶ፣ ጨው ከጭብጥ በትንሽ በትንሹ ይለቀቅበታል። አምስት ዓሣ አበላሽቼ ስድስተኛውን "ይሁን" አሉኝ።

ለማማ ዘህራ፣ "ዛሬ ጀርባዬን ለሰዉ ሰጥቼ ነው የምዘፍነው" አልኳቸው።

"አብደሻል? ፊትሽን ካላዩ ማን ይሰማሻል?"

"ባሕሩ አዳራሹ ነው፣ ማማ።"

"ካልተሰማሽ ከበሮውን አስቆማለሁ" አሉ። ከበሮው አልቆመም። ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ቁጢጥ ብዬ፣ ጨው እየነሰነስኩ ዘፈንኩ። ከኋላዬ የሻይ ስኒ ድምፅ እንኳ ጠፋ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። አሁንም ከሁሉ የምወዳት እሷን ነው።

አራተኛዋ ግን ዋጋ ያስከፈለችኝ ናት።

ሳብያ ውስጥ አንድ ትልቅ ቤተሰብ ሠርግ ነበረው። የሙሽራዋ አክስት ማማ ዘህራን፣ "የምታስቅ ሐበሻ ሠራተኛ አሳዩን" አሏቸው። ማማ ዘህራ ጨዋታውን አዘጋጅተው አመጡልኝ፦ ሠራተኛዋ ዓረብኛ ትሰባብራለች፣ መጥረጊያ ማሽን ስታይ ትሸሻለች፣ መጨረሻ ላይ ትሪ ሙሉ ብርጭቆ ይዛ ትወድቃለች።

"ማማ፣ ይቺን አልጫወትም" አልኳቸው።

"ለምን? አንቺ ሠራተኛ አልነበርሽም?"

"ስለነበርኩ ነው።"

"ዘይነብ" አሉኝ፣ "ከፊልሽ ማን ነው?" ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ያስፈራኝም እሱ ነው። የመጨረሻ መውጫ ቪዛ ቢያስመቱብኝ ተመልሼ አልገባም። ልጄ ሐይቅ ከተማ፣ እናቴ ዘንድ ሆና አሥረኛ ክፍል ትማር ነበር።

አበባ ለብቻዬ ወስዳ፣ "ዘይኑዬ፣ በሞቴ ሥሪው። አንድ ምሽት ነው፣ ያልፋል" አለችኝ።

"ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው የሚቆሙትን አላየሻቸውም?" አልኳት። በየሠርጉ የእንግዶቹን ሕፃናት ታቅፈው ከኋላ የሚቆሙ ሠራተኞች አሉ። ግማሾቹ የእኛ አገር ልጆች ናቸው።

ማማ ዘህራ ዘንድ ተመለስኩና፣ "እጫወታታለሁ። ትሪው ግን አይወድቅም" አልኳቸው።

"ካልወደቀ ምኑ ያስቃል?"

"እሱን ለኔ ይተዉልኝ።"

ምሽቱ ደረሰ። ሻይ የሞላ አሥራ ሁለት ብርጭቆ በትሪ ይዤ ወጣሁ። እመቤቲቱ በዘፈን ታዛለች፦ ወለሉን ጥረጊ፣ ልጁን አንሺ፣ በሩን ክፈቺ፣ የለም ዝጊው። አበባ ባል ሆና ሌላ ታዛለች። ለሁሉም "ሐድር! ሐድር!"፣ እሺ ጌታዬ እሺ እመቤቴ፣ እላለሁ። ትሪውን ሳላስቀምጥ ቁጢጥ ብዬ ጠረግኩ፣ የጨርቅ ሕፃኑን አነሣሁ፣ በሩን በክርኔ ከፈትኩ፣ በተረከዜ ዘጋሁ። ከበሮው እየፈጠነ ሄደ፣ እኔም እየፈጠንኩ። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። ሴቶቹ በጭብጨባ አዳራሹን አናወጡት።

ከዚያ ሁሉም ወጥተው ብቻዬን ቀረሁ። ትሪውን አስቀምጬ፣ የጠረጴዛ ጨርቁን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ እመቤቲቱን ሆንኩ፤ መጥረጊያውን እንደ ሠራተኛ ፊቴ አቁሜ በሳብያ ወይዘሮ አነጋገር ልክ ልኩን ነገርኩት። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። አንዷ አንዷን በጣት ትጠቁማለች፤ ወደ ራሷ የጠቆመች ግን አላየሁም።

ሳቁ ሲበርድ ጨርቁን አውልቄ ብርጭቆ ማጠብ ጀመርኩ። በልምምዱ ያልነበረ ስንኝ በአማርኛ፣ በባቲ አወጣሁ፦

ብርጭቆው ታጠበ፣ ሰሀኑም ጸዳ፤
የማን እጅ ነው ብሎ፣ አልጠየቀም እንግዳ።

ሁለተኛ ስደግመው ከኋላ አንድ ድምፅ ተቀበለኝ። ቀና ብዬ አየሁ። ሽርጥ የታጠቀች ልጅ ናት፤ ትከሻዋ ላይ ሕፃን ተኝቷል፤ እንዳይነቃባት ትከሻዋን ሳታነቃንቅ ትዘፍናለች። ቀጥሎ ከወዲያ ጥግ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላዋ። የራሳችን ተቀባዮች ዘፈኑን አያውቁትምና ዝም ብለው ያያሉ። ተቀባዮቼ ያን ምሽት እነዚያ ናቸው።

የሙሽራዋ አክስት መድረኩ ጀርባ መጡ። "የጠየቅኩሽ ይህን አልነበረም" አሏቸው ማማ ዘህራን።

"አዎ፣ አልነበረም" አሉ ማማ ዘህራ።

እኔን ግን ከዚያ ምሽት በኋላ መድረክ ከለከሉኝ። ሦስት ሳምንት የቡድኑን ልብስ ስተኩስና ስጠግን ከረምኩ። ኢቃማዬ ላይ የተጻፈው ሥራ "ልብስ ሰፊ" ነው፤ ወረቀቴና ሥራዬ የተስማሙት ያኔ ብቻ ነው። በየቀኑ መውጫ ይመታብኛል እያልኩ እጠብቃለሁ። ተጸጽቼ ግን አላውቅም።

በአራተኛው ሳምንት የማማ ዘህራ ስልክ ጮኸ። ባይሽ ያሉ የሙሽራ እናት ናቸው። ማማ ዘህራ ድምፁን ከፍ አድርገው አጠገቤ አስቀመጡት። "ያቺን ትሪ የማይወድቅባትን ሠራተኛ ካላመጣችሁ ሌላ ቡድን እንጠራለን" ይላሉ ሴትየዋ። በዚያ በሳብያው ሠርግ እንግዳ ነበሩ።

ማማ ዘህራ ስልኩን ዘጉና ካውያውን ከእጄ ወሰዱ። "ያላ፣ ተነሽ። ልምምድ አለ" አሉኝ። "እኔ ግን አሁንም ቢወድቅ ይሻላል ባይ ነኝ።"

ከዚያ በኋላ ሠራተኛዋን በአቡ አሪሽ፣ በባይሽ፣ ድንበሩ አጠገብ ባለችው ሳምጣም ተጫውቼያታለሁ። ትሪውን አንድም ጊዜ አልጣልኩትም። ይህን የሚያሳይ ፊልም የለኝም፤ ሴቶች አዳራሽ በር ላይ ስልክ ይሰበሰባል። ያየኝ ያውቀኛል። ዛሬም አንዳንዴ ገበያ ውስጥ የማላውቃት ሴት፣ "አንቺ ያቺ ሠራተኛ አይደለሽም?" ትለኛለች። "ነኝ" እላለሁ፣ ቀና ብዬ።

አሁን አዲሶቹን የማለማምደው እኔ ነኝ። የምላቸው አንድ ነገር ነው። የሴትየዋን ሥራ ሳትችሉ ዘፈኗን አታጥኑ። መጀመሪያ ሥራዋን ሂዱና በእጃችሁ ሥሩት። ዜማው በሁለት ቀን ይያዛል።