ደርበው ተሳቢውን ያሰረበት ሳምንት

ደርበውን አንቱ ማለት ነበረብኝ። ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ እኔን በአምስት ዓመት ይበልጠኛል፤ አሁን የምንኖርበት ካልጋሪ ከተማ ያለው ሐበሻ ሁሉ ጋሼ ነው የሚለው። እኔ ግን ከአሰብ ጀምሮ ስለማውቀው አፌ እምቢ ይለኛል። እናቴ እዚያ ለሾፌሮች ምግብ ትሸጥ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው ያኔ፤ ሳህን አጥባለሁ፣ እጅ አስታጥባለሁ። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ፊያቶች ከነተሳቢያቸው ቤታችን ፊት ለፊት ይደረደራሉ። ሌሎቹ ሾፌሮች ከጋቢና ወርደው ወደ ምግቡ ሲጣደፉ ደርበው ብቻ መጀመሪያ መኪናውን አንዴ ይዞራል። ጎማውን በእግሩ መታ መታ፣ ገመዱን ሳብ ሳብ፣ የተሳቢውን መጎተቻ ጎንበስ ብሎ አየት ያደርጋል። ከዚያ ነው እጁን ለውሃ የሚዘረጋው። እናቴ፣ "ይሄ ልጅ መኪናውን ሳያበላ አይበላም" ትለው ነበር።

ያ ሁሉ አለፈ። እሱ በሱዳን፣ እኔ በጣልያን በኩል ዞረን ዞረን፣ ቴምፕል የሚባል የካልጋሪ ሰፈር ውስጥ ሦስት ቤት ተራርቀን ጎረቤት ሆንን። እንደ ድንገት ነው የተገናኘነው፤ በረዶ ስጠርግ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ብዙ አየኝና፣ "አንቺ የአሰቧ ኣስመረት አይደለሽም?" አለኝ። አካፋውን ጥዬ አለቀስኩ።

ደርበው እዚህ አገር ተሳቢ ነድቶ አያውቅም። ሲመጣ የትልቅ መኪና ፈተናውን በእንግሊዝኛ ሁለት ጊዜ ወድቆ ተወው። ኤርፖርት ታክሲ ሠራ፣ ኋላም የተማሪ ባስ ነዳ፣ ጡረታ ወጣ። የፈተናውን ነገር ለማንም አያነሳም። ለእኔ የነገረችኝ ሚስቱ ፀሐይወርቅ ናት፤ እሷም ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አሁን የማወራው ባለፈው በጋ የሆነውን ነው። ልጃቸው ኢየሩስ ሬጅና ከተማ ነው የምትኖረው፤ ከስንት ዓመት ጥበቃ በኋላ ሴት ልጅ ወለደች። ሴት ልጅ ደግሞ በሰማንያ ቀኗ ነው የምትጠመቀው፤ ቀኑ ለማንም ተብሎ አይገፋም። ፀሐይወርቅ በዚያው ሰሞን እግሯ ላይ ደም ረግቶ ሆስፒታል ሰነበተች። ሐኪሙ አውሮፕላን ከለከላት። በመኪናም ቢሆን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ እንዳትቀመጥ፣ እየተነሳች እንድትራመድ፣ እየተጋደመች እግሯን ከፍ እንድታደርግ አዘዛት። ሬጅና ደግሞ የቀን ሙሉ መንገድ ነው።

"እንግዲህ ምን አደርጋለሁ፤ ክርስትናዋን በስልክ አያለሁ" አለችኝ። ስትለው ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች።

በሳምንቱ ደርበው በአሮጌ ፒካፑ የሚጎተት ቤት እየጎተተ መጣ። አልጋ አለው፣ መጸዳጃ አለው፣ ትንሽ ማድ ቤት አለው። ኤርድሪ ከምትባል ጎረቤት ከተማ፣ ከአንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው የገዛው። "የመንገድ አልጋሽ ይኸውልሽ" አላት። "በየሰዓቱ አቆምልሻለሁ፣ ትጋደሚያለሽ። ሁለት ቀን ይፍጅ፤ ማን ያስቸኩለናል?"

ፀሐይወርቅ ገብታ አልጋውን በእጇ ጫን ጫን አድርጋ አየችው። የዚያን ቀን እንደሳቀችው ከታመመች ወዲህ ስቃ አታውቅም።

ለመሄድ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀር፣ "ባዶውን መሞከር ሙከራ አይባልም" ብሎ ለድግሱ የታሰበውን ሁሉ ጫነ። ለጠላ የተገዛውን በርሜል ለጊዜው ውሃ ሞላው። ቁሌት የሚሄድባቸውን ሁለት የበረዶ ሣጥኖች፣ የጤፍ ዱቄቱን፣ ድስቶቹን፣ ሁሉንም ከተሳቢው መጨረሻ፣ ከኋላው ግድግዳ ሥር ደረደረው።

"ምነው ሁሉም ከኋላ ሆነ?" አልኩት።

"ፒካፑ እንዳይጎብጥ ነዋ! ተሳቢ በራሱ እግር ነው የሚሄደው። ጎታቹ ላይ ተንጋሎ የሚጋልብ ተሳቢ የት አይተሻል?"

እኔ ምን አውቃለሁ። ሦስታችን ሆነን ሀይዌይ ዋን የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘን ወደ ምሥራቅ ወጣን። ቼስተርሚር የምትባለውን ከተማ እስክናልፍ ደርበው እያፏጨ ነበር። ከዚያ አንድ ረጅም ትራክ በግራችን አለፈ። ነፋሱ መጀመሪያ ገፋን፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ራሱ ሳበን። የፒካፑ ኋላ ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ተመለሰ፣ ደግሞ ወደ ግራ፤ በተመለሰ ቁጥር እየባሰበት። በመስተዋቱ ያ ነጭ ቤት አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ብቅ ይላል። ፀሐይወርቅ ማርያምን ትጠራለች። ደርበው ፍሬን አልረገጠም። እግሩን ከነዳጁ አንስቶ መሪውን ጨብጦ ጠበቀ፤ ተሳቢው ቀስ በቀስ ረገበና ዳር ይዘን ቆምን።

"ያቺን ልጅ ሳላያት ልትገለኝ ነው?" አለች ፀሐይወርቅ።

ደርበው ወርዶ መኪናውን ዞረ። ጎማውን ግን አልነካም። በእጁ ምን እንደሚያደርግ የጠፋበት ይመስል ነበር።

እንደ ኤሊ እየተሳብን ተመለስን። ቤት ስንደርስ ፀሐይወርቅ፣ "ደርቤ፣ አልቀየምህም። ግን ሁለተኛ ይሄ ነገር ከኋላዬ እየተጎተተ አልቀመጥም። በስልክ አያታለሁ" አለችው።

"አንድ ሳምንት ብቻ ስጪኝ" አላት።

ከከተማችን ሳውዝ ኢስት በሚሉት በኩል የተሳቢ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ኑሩ የሚባል የኛ ሰው ይሠራል። ደርበው ደወለለት፤ ኑሩም፣ "ጭነቱን እንዳይነኩት፤ እንዳለ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ቀስ ብለው ያምጡልኝ" አለው። ፀሐይወርቅ እኔን ወደ ጎን ሳብ አድርጋ፣ "አብረሽው ሂጂና እይልኝ። እሱ ደህና ነው ብሎ ይመጣል፤ ለኔ ብሎ ይዋሻል" አለችኝ። ሄድኩ።

ኑሩ የተሳቢውን አፍንጫ፣ ከፒካፑ የሚታሰርበትን ጫፉን፣ ትንሽ ሚዛን ላይ አሳረፈና ጎንበስ ብሎ አነበበ፤ መልሶም ፒካፑ ላይ አሳረፈው። ራሱን ነቀነቀ።

"ጋሼ፣ ተሳቢው ከነጭነቱ ስድስት ሺህ ፓውንድ ይሆናል። ከዚያ ውስጥ ቢያንስ ስድስት መቶው እዚህ አፍንጫው ላይ መቀመጥ አለበት። የርስዎ ሦስት መቶም አይሞላም።"

"ታዲያ ጥሩ አይደል? ቀለለ ማለት ነው።"

"ቀሎ ነው እንጂ ጭራው እርስዎን የነዳዎት!"

እኔ ሳላስበው ሳቅኩ። ደርበው ገላመጠኝ።

ውስጥ ገብተን ኑሩ ሁለት ዓይነት ዕቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። አንደኛው ከጎን የሚታሰር ቀጭን ብረት ነው፤ ተሳቢው ወደ ጎን ልሂድ ሲል እንደ ፍሬን ይዞ ያዘገየዋል። ሁለተኛው ከባድ ነው፤ ትልቅ ራስና ሁለት ረጃጅም ብረቶች አሉት። "እነዚህ ሁለቱ" አለ ኑሩ፣ "በፒካፑ ኋላ የሚወርደውን ክብደት ከፊሉን አንስተው ለፊት ጎማው ያካፍላሉ። ጭራ መቁላቱንም አብረው ይይዛሉ። ለዚህ ርዝመት ይሄ ነው የሚሆንዎት።"

ደርበው ቀጭኑን አነሳ። "ይሄ ይበቃኛል። ክብደት ፒካፑ ላይ የሚጭን ዕቃ አልፈልግም።"

"እሸጥልዎታለሁ፤ ሥራዬ ነው። ግን እንደዚህ ከጫኑ ይሄም ያም አያድንዎትም። ዕቃው አጫጫንን አያርምም።"

"አንተ ልጅ፣ ስንት ዓመትህ ነው?"

"አርባ ስድስት።"

"አንተ ሳትወለድ እኔ ጣርማ በርን በባለ ተሳቢ ወርጃለሁ! አጫጫን ልታስተምረኝ ነው?"

"ኧረ ጋሼ፣ እኔ የአሰብ መንገዷ የባቲ ልጅ ነኝ። የእናንተን አቧራ ቅሜ ነው ያደግሁት።"

ደርበው አልሳቀም። ጆሮው ቀልቶ ነበር። ብረቱን እንደያዘ ወደ ገንዘብ ተቀባዩ መሄድ ሲጀምር እኔ ፀሐይወርቅን አሰብኩ፤ ፊቷን ወደ መስኮት ያዞረችበትን። ምን እንደምለው ሳላውቅ የአሰብ ፀሐይ ትዝ አለኝ። በቀትር ጥላ የሚገኘው ከመኪኖቹ ሥር ብቻ ነበር፤ የሳህን ማጠቢያዬን ይዤ ፊያቱና ተሳቢው መሀል ገብቼ እቀመጥ ነበር።

"ደርበው፣ ያኔ ተሳቢህ ሥር ተቀምጬ ሳህን ሳጥብ ጀርባዬን የማስደግፈው ምን ላይ ነበር?"

"አሁን ምን አመጣው እሱን?"

"ንገረኝ ብቻ።"

"የፊት ጎማው ላይ ነዋ። የተሳቢው የፊት ጎማ ላይ። ስንቴ ውጪ፣ ትጨፈለቂያለሽ እያልኩ..."

እዚያ ላይ አቆመ። በሱቁ መስተዋት ወደ ውጭ አየ። የገዛው ቤት ፓርክ እንዳደረገው ቆሟል፤ ጎማዎቹ መሀሉ ላይ ናቸው፤ ከፊቱ ሥር ባዶ ነው፤ አፍንጫው ፒካፑ ላይ አርፏል።

"ይሄ የፊት ጎማ የለውም" አለ ቀስ ብሎ።

ኑሩ ብልህ ሰው ነው፤ ሌላ ዕቃ የሚፈልግ መስሎ ወደ መደርደሪያው ዞረ።

"የፊት እግሩ ፒካፑ ነው ማለት ነው። እኔ ደግሞ እግሩን ከመሬት አንስቼበት..." ደርበው ቀጭኑን ብረት መልሶ አስቀመጠ። ወንበር ሳበና ተቀመጠ። "በል እስቲ ልጄ፣ ከመጀመሪያው አስረዳኝ። ቀስ እያልክ።"

ኑሩም አስረዳው። ደርበው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ተማሪ፣ ያልገባውን እንደገና እየጠየቀ ሰማ። ያን ፈተና በዚህ ዓይነት በአማርኛ ቢፈትኑት ኖሮ ስል አሰብኩ። ምን ያደርጋል።

በርሜሉን አብረው ገፍተው ከጎማዎቹ ትንሽ ወደ ፊት አመጡት። ሣጥኖቹን ከአልጋው ሥር ከፊት፣ ዱቄቱን መሀል አደረጉ። ሚዛኑ ሰባት መቶ አሳየ። ከዚያ ኑሩ ፒካፑ ባዶውን ሲቆም ከፊት ጎማው በላይ ያለው ጠርዝ ከመሬት ስንት እንደሚርቅ ለካ፤ ተሳቢው ሲያርፍበት ለካ፤ የፒካፑ አፍንጫ ቀና ብሎ ነበር። የከባዱን ዕቃ ሁለት ብረቶች አስሮ ሲለካ ወደ ቦታው ሊመለስ ጥቂት ቀረው። ደርበው ለሦስተኛ ጊዜ ራሱ ለካ። "ይሄ ሁሉ ሆኖም በሰዓት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይነዱ" አለው ኑሩ። "ነፋስ ከበረታም ይቁሙ።"

"እቆማለሁ። የምጭነውን ሰው አታውቅም አንተ።"

ማታ ፀሐይወርቅ፣ "እህስ?" አለችኝ።

"ጥፋቱ የሱ ነበር" አልኳት። "ዕቃውንም ገዝቷል፤ ዋናው ግን አጫጫኑ ነው።"

"ኑሩ ነው እንዲህ ያለው?"

"ራሱ ነው ያለው። በገዛ አፉ።"

ከዚያ፣ "ቼስተርሚርን አልፈን እስከ ስትራትሞር ከተማ እሄድለታለሁ" አለች። "እንደዚያን ቀን ከሆነ ከዚያው ይመልሰኛል። አንቺም ከኋላ ወንበር ትቀመጫለሽ።"

ለደርበው ስትነግረው አልተከራከራትም። "እሺ፤ ስትራትሞር ላይ እጠይቅሻለሁ" ብቻ አላት።

ሐሙስ ጠዋት ወጣን። ጠላው በርሜሉ ውስጥ፣ ነጠላችን ተጣጥፎ አልጋው ላይ። ደርበው አላፏጨም። ቼስተርሚርን እንዳለፍን በመስተዋት አንድ ትራክ ሲመጣ አየሁ፤ ፀሐይወርቅም አየችው መሰለኝ፣ የበሩን መያዣ ጨበጠች። ትራኩ መጣ፣ ነፋሱ ገፋን፣ ፒካፑ አንድ ጊዜ ትከሻውን እንደ መስበቅ አለ። በቃ። ትራኩ ሄደ፤ እኛም ሄድን። ሌላ መጣ፣ እሱም አለፈ። የፀሐይወርቅ እጅ መቼ ከመያዣው እንደወረደ አላየሁም።

የስትራትሞር መታጠፊያ ሲቃረብ ደርበው ፍጥነቱን ቀነሰና ፍሬቻ አበራ።

"ልታጠፍ?" አላት። ፊቷን አላየም።

"ምን ረስተሃል?"

"ምንም።"

"ታዲያ ምን ልትሠራ ነው የምትታጠፈው? ልጅቷ እየጠበቀችን!" ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "ባሳኖ ከተማ ስንደርስ ታቆምልኛለህ። አልጋዬ ላይ ጋደም እላለሁ" አለችው።

ፍሬቻውን አጠፋ። ከኋላ ሆኜ የማየው ማጅራቱን ብቻ ነው፤ ግን ሲተነፍስ ሰማሁት።

ባሳኖ ላይ ቆምን። ፀሐይወርቅ ወደ አልጋዋ ገባች፤ እግሯን በትራስ ከፍ አድርጌ አስተኛኋት። ስወጣ ደርበው መኪናውን እየዞረ ነበር። ጎማውን በእግሩ መታ መታ፣ ሁለቱን ብረቶች ሳብ ሳብ አደረገ፣ ጎንበስ ብሎ መጎተቻውን አየ። ውሃ በኮዳ ይዤ ዳር ቆሜ ጠበቅሁት። ሲጨርስ መጥቶ እጁን ዘረጋልኝ፤ አፈሰስኩለት።