ቢ ይሻላል ያልኩበት እሑድ

ባለፈው ሰኔ የእህቴ ልጅ ስትመረቅ ጅማ ውስጥ አዲስ በተከፈተ ሆቴል ምሳ በላን። ጥግ ላይ ሦስት ወጣቶች ይጫወቱ ነበር፤ አንዱ ፒያኖ፣ አንዱ ቤዝ፣ አንዱ ድራም። የፒያኖው ልጅ ጣቶቹ አይታዩም። ከላይ እስከ ታች እየተንደረደረ ይወርዳል፣ ትንፋሽ ሳይወስድ ተመልሶ ይወጣል። ጠረጴዛችን ላይ የነበሩት ሁሉ ምግባቸውን ትተው አጨበጨቡ።

"አክስቴ፣ እንዴት ጎበዝ ነው አይደል?" አለችኝ ተመራቂዋ።

"ፈጣን ነው" አልኳት። "ጎበዝ መሆኑን ቀስ ሲል እናየዋለን።"

"ደሞ ጀመረች!" አለች እህቴ። "በዚህ ነገር ታስራ እንኳ አልተወችም።"

ልጆቹ ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነው። ቀልድ ግን አልነበረም፤ እኔ ዘይነባ በፒያኖ ክርክር ምክንያት ታስሬ አውቃለሁ። ቤት ስገባ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ ያ የከፋው የግድያ ዘመን አልፎ፣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ መኖርን በለመደበት ወቅት። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ምትክ አስተማሪ ሆኜ ነበር። አባቴ እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ ገበያው አፍ ላይ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከእሳቸው ሱቅ ቀጥሎ የአክስቴ ልጅ ኑሪ ሬዲዮ ይጠግናል። ሱቁ ሦስት ሰው ከገባበት አራተኛው በር ላይ የሚቆምበት ጠባብ ነገር ነው፤ የቀለጠ እርሳስ፣ የአቧራና ከጎረቤት የሚመጣ የሳምቡሳ ሽታ ይሸታል። ቅዳሜ ከዙሁር ሶላት በኋላ እዚያ እቀመጥ ነበር። አባቴ ከስፌት መኪናቸው ቀና ባሉ ቁጥር ስለሚያዩኝ የት ዋልሽ የሚለኝ አልነበረም።

ካሴቱ የመጣው ቡና ጭኖ አዲስ አበባ ከሚመላለስ ሾፌር ነው። ቴፑ ተበላሽቶበት ለኑሪ ሰጠው፤ ካሴቱን ከውስጡ ማውጣት ረስቷል። ቴፑን ሊወስድ ሲመጣ ካሴቱን ብናሳየው "እኔ ዘፋኝ የሌለው ዘፈን አልወድም፣ ያዙት" ብሎን ሄደ።

ላዩ ላይ አንድም ጽሑፍ የለም። እነማን እንደሆኑ፣ የየት አገር ሰዎች እንደሆኑ አናውቅም። የምናውቀው በኤ ገጽም በቢ ገጽም የሚጫወቱት ሦስት ሦስት ሰዎች መሆናቸውን፣ የሁለቱ ገጽ ፒያኒስቶች ደግሞ የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ሌላው ሁሉ ይለያይና አንዲት ዜማ ግን በሁለቱም ገጽ አለች። ጠብ ያመጣችብን እሷ ናት።

የኤው ሰው ዜማዋን አንድ ጊዜ ብልጭ ያደርግና ይነጥቅሃል። ከዚያ በኋላ ሩጫ ነው። ሁለቱም እጆቹ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው አንድ ዓይነት መስመር ይዘው ይከንፋሉ፤ በአንዲት ድምፅ እንኳ አይዛነፉም። ድራሙ ያሳድደዋል፣ አይደርስበትም። የቢው ሰው ደግሞ አዲስ ቤት እንደገባ እንግዳ ነው የሚጀምረው። አንድ ድምፅ ይነካል፤ ይቆያል። ቤዙ ይመልስለታል። ድራም መቺው በዱላ ሳይሆን መጥረጊያ በሚመስል ነገር ቆዳውን ያብሰዋል። የዜማዋ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ የመጨረሻዋን ድምፅ ያዘገያታል፤ አንተ በልብህ ቀድመህ ብለሃታል፣ እሱ ገና ነው።

ግርማ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ የሂሳብ አስተማሪ ነው። ሬዲዮ ሊያስጠግን መጥቶ ኤ ገጽ ላይ ደረሰ፤ ሰምቶ ሲጨርስ ሬዲዮውን ረስቶ ሄደ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የመጣው ለካሴቱ ነው። ቀጭን፣ ችኩል፣ ሲከራከር ከመቀመጫው የሚነሳ ሰው ነበር።

"እጁ መሮጥ የማይችል ሰው መራመድ መረጥኩ ሊል አይችልም" አለኝ አንድ ቀን። "የቢው ሰውዬ ቀስ የሚለው ፈልጎ ነው ወይስ አቅቶት? በምን ታውቂያለሽ?"

"አንተስ የኤው ሰውዬ ዝም ማለት እንደሚችል በምን ታውቃለህ?"

"ችሎታ አይዋሽም፣ ዘይነባ። ወይ ያገኘዋል ወይ ይስተዋል። ስሜት ግን ማንም ያስመስለዋል። ዓይኑን ጨፍኖ ቀስ ያለ ሁሉ 'ወይ ስሜት!' ይባልለታል።"

ይህ አባባሉ አንገበገበኝ፤ ከፊሉ እውነት ነዋ። መልሱ የመጣልኝ ሳምንቱን ሙሉ ሳብሰለስል ቆይቼ ነው።

"ኤ ላይ ሦስት ሰዎች የሉም" አልኩት። "አንድ ጌታና ሁለት አሽከሮች ናቸው። ቤዙ ተነስቶ ቢሄድ ፒያኖው ልብ አይልም። ቢ ላይ ግን ቤዙ ካልተናገረ ፒያኖው የሚመልሰው የለውም።"

"ኢጆሌ፣ እናንተ ልጆች" አለ ኑሪ በመሃል፣ "እኔ የምሰማው ቴፑ መሥራቱን ብቻ ነው።"

የጅማ ክረምት ደግሞ ለግርማ አደላ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ቢ ጨርሶ አይሰማም፤ ኤ ግን ዝናቡን ሰንጥቆ ይወጣል። "ዝናብ የሚያሸንፈው ሙዚቃ!" እያለ ያሾፍብኛል። "እስኪያባራ መጠበቅ ነዋ" እለዋለሁ። የተጠበሰ በቆሎ እየጋጥን እንጠብቃለን፤ ሲያባራ ቢን አስደምጠዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ኤን ያስደግማል። ቀስ በቀስ ፀጉር አስተካካዩም፣ የግርማ ተማሪዎችም፣ ሻይ አመላላሹም ወገን ያዙ። አንዱ ኤ ነኝ ይላል፣ ሌላው ቢ። ተኮራርፈው የማይነጋገሩም ነበሩ።

ያን ጊዜ ሐሳብ ብቻ ሳይሆን ቃልም ያስጠይቅ ነበር። "ቡድን"፣ "ወገን"፣ "መሪ" የመሳሰሉ ቃላት ሰው አንገቱን ዞር አድርጎ አይቶ ነው የሚናገራቸው። እኛ ግን በር ከፍተን "የሦስቱ መሪ ማነው? መሪስ ለምን ያስፈልጋቸዋል?" እያልን እንጮሃለን። ከአላፊ አግዳሚው አንዱ የሰማውን ለቀበሌ አደረሰ።

ጥቅምት መግቢያ ላይ፣ ቡናው መቅላት ሲጀምር፣ አንድ ቅዳሜ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጡ። ቴፑን ከነካሴቱ፣ እኔን፣ ግርማንና ኑሪን ይዘው ሄዱ። አባቴ መቀሳቸውን እንደያዙ ከሱቃቸው ወጡ። "ይግቡ አባባ" አላቸው አንደኛው ጠባቂ። አልገቡም። እስክንታጠፍ ድረስ መንገዱ መሃል ቆመው ነበር።

የቀበሌው ሊቀመንበር በዕድሜ ከእኛ ብዙም የማይበልጥ፣ ድምፁን እያወፈረ የሚናገር ሰው ነበር።

"ሦስቱ እነማን ናቸው?" አለ።

"ፒያኖ፣ ቤዝና ድራም" አለ ግርማ።

"ስም ነው የጠየቅኩህ!"

"ስማቸውን ብናውቅ እኛም ደስ ባለን።"

ጠባቂው ከኋላ በጥፊ አጮለው። የግርማ መነጽር ወለሉ ላይ ወደቀ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ነገሩ የሚያስቅ መስሎኝ ነበር።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ወላሂ ሙዚቃ ነው!" አለ ኑሪ። "ይስሙትና ይፍረዱ።"

ሰማው። ሁለቱንም ገጽ፣ እስከ መጨረሻው። ኤ ላይ በእስክሪብቶው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ። ቢ ላይ መስኮቱን ያይ ነበር። ሲጨርስ "የመጀመሪያው ይሻላል" አለ። "ጉልበት አለው። ሁለተኛው ወጣቱን ያፈዛል።" በዚህ ይለቀናል ብዬ ነበር። ነገር ግን አንድ ስውር ቡድን ያዝኩ ብሎ ለበላይ አስታውቆ ኖሯል፤ ባዶ እጁን መቅረብ አልቻለም። ስለዚህ ፈረደ። በማግስቱ እሑድ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ እኔ ቆሜ ግለሂስ አደርጋለሁ፤ ቢ አድኃሪ ሙዚቃ መሆኑን፣ መሳሳቴንም እናገራለሁ። ግርማ ደግሞ ሲመክረኝ አልሰማም ማለቴን ይመሰክራል። ከዚያ ወደ ቤታችን። ኑሪን ወዲያውኑ ለቀቁት፤ የቀበሌውን ድምፅ ማጉያ የሚጠግን ሌላ ሰው አልነበራቸውም።

እኔን እርጥብ ጆንያ የሚሸት ዕቃ ቤት ውስጥ አስገቡኝ። ዓረፍተ ነገሩን ልለማመደው ሞከርኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር እኮ ነው። መፈክር ስንል ኖረናል፤ እጅ አውጡ ሲሉን አውጥተናል፤ የማናምነውን ስንቱን ደግመናል። አንዱ ቢጨመር ምን አለበት እያልኩ ራሴን ለመንኩት። ግን እነዚያን ሁሉ ስል ለራሴ ያስቀረሁት አንድ ነገር ነበረኝ፤ ጆሮዬ። የሰማሁትን የሰማሁት እኔ ነኝ። እሱንም ከሰጠኋቸው ማታ ቤቴ የምትገባው የትኛዋ ዘይነባ ናት?

እሑድ ጠዋት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አባቴን ከኋላ ወንበር ላይ አየኋቸው። ግርማ ቀድሞ ተጠራ። ጉንጩ አብጧል፤ አንድ መስተዋቱ የተሰነጠቀውን መነጽር አድርጓል።

"ዘይነባ ተሳስታለች" ብሎ ጀመረ። ሊቀመንበሩ ራሱን ነቀነቀ። "ክረምቱን ሙሉ ነግሬያታለሁ፣ አልሰማም ብላለች። ግትር ናት።"

በዚያች ቅጽበት ጠላሁት። በሕይወቴ ሰው እንዲያ ጠልቼ አላውቅም።

"ነገር ግን" አለ ግርማ፣ "ስህተቷ የእኔና የእሷ ጉዳይ ነው። እኔ በክርክር ልረታት ነው የምፈልገው። እናንተ አስገድዳችሁ ኤ ይሻላል ካስባላችኋት፣ እኔ ማንን ልረታ ነው?"

"ተቀመጥ!" አለ ሊቀመንበሩ።

"እቀመጣለሁ። ጓድ ሊቀመንበርም ኤን እንደወደዱት ሰምቻለሁ። እንግዲህ እኔም እንደገና ልሰማው ነው፤ የሆነ ያመለጠኝ ነገር ሳይኖር አይቀርም።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ከዚያ ሌላው። አዳራሹ በሙሉ ባይስቅም አፏን በነጠላዋ ያልሸፈነች ሴት አልነበረችም። ሊቀመንበሩ ፊቱ ጠቆረ፤ "ጓዲት ዘይነባ!" ብሎ ጮኸ።

ተነሳሁ። ፊት ለፊቴ ያለውን ወንበር ያዝኩ።

"ቢ ይሻላል" አልኩ።

"ጓዲት፣ አስቢበት!"

"ክረምቱን ሙሉ አስቤበታለሁ። ቢ ይሻላል።"

ሌላ ንግግር አልነበረኝም። ሰው ጀግና ነበርሽ ሲለኝ ይገርመኛል፤ ሌላ ቃል ብጨምር ድምፄ እንደሚንቀጠቀጥ ስላወቅኩ ነው ያሳጠርኩት።

ወደ ዕቃ ቤቱ መለሱኝ። በማግስቱ አባቴ በሳህን ጨጨብሳ ይዘው መጡ፤ ማሩ ገና ይሞቃል። ቁጣ ጠብቄ አንገቴን ደፋሁ።

"ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ" አሉ። "በይ ያሉሽ ነገር እውነት ነበር ውሸት?"

"ውሸት ነበር፣ አባ።"

"ለእኔ ሁለቱም ያው የሸይጣን ጩኸት ነው፤ አላህ ይቅር ይበለን።" ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። "ውሸት ከሆነ ግን አለማለትሽ ደግ። ብዪ።"

የማስተማሩ ሥራ ቀረ። ስፈታ ከዘማቾች ጋር ወደ ሊሙ በኩል ላኩኝ፤ ለቀማው እስኪያልቅ የመንግሥት እርሻ ላይ ቡና ስለቅም ከረምኩ። እዚህ ላይ ለቀማው ስለ ሙዚቃ አንድ ነገር አስተማረኝ ብል ደስ የሚለው አንባቢ ይኖራል። ምንም አላስተማረኝም። ወገቤን አመመኝ፣ ጉንዳን በላኝ፣ ቆሎ ሰለቸኝ። ካሴቱ እዚያው ቀበሌ ቀረ። በሊቀመንበሩ ቤት መስኮት በኩል ስናልፍ ቢ ገጹን ሰማን የሚሉ ሰዎች ነበሩ። አላመንኳቸውም፤ ማመን ግን ደስ ይለኝ ነበር።

ግርማን ለቅጣት ሰኮሩ አዛወሩት። አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሱ ሰኮሩ ለምሳ ይቆማል፤ እሱ መንገድ ዳር ይጠብቀኛል። ያዘዝነው ጥብስ እየቀዘቀዘ እንከራከራለን። ሾፌሩ ጥሩምባውን ሲያስጮህ "ይሄን አልመለስሽልኝም!" እያለ በመስኮቱ በኩል ይከተለኛል። ዘመኑ ሲለወጥ ወደ አገሩ ይመለሳል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን እዚያው አግብቶ፣ ወልዶ፣ ርዕሰ መምህር ሆኖ ኖረ። ሌሎች ካሴቶች፣ በኋላም ሲዲዎች መጡ፤ የኤና የቢ ሰዎች እነማን እንደነበሩም ከጊዜ በኋላ ደረስንበት። አንድም ጊዜ አልተስማማንም።

ዓምና ግርማ ሞተ። ለቅሶ ስደርስ ባለቤቱ አቅፋኝ ረጅም ጊዜ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ "እስቲ አሁን እንኳ፣ እሱ ልክ ነበር በይለት" አለችኝ። ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

"አልልም" አልኳት። "ብል ከሁሉ በፊት የሚቆጣኝ እሱ ነው።"

በእንባዋ መሃል ሳቀች። ድንኳኑ ውስጥ ያሉ አንድ ሽማግሌ ግን ራሳቸውን በተቃውሞ ነቀነቁ፤ ለሞተ ሰው እንዲህ አይባልም ማለታቸው ነው። ይነቅንቁ። ለሞት ብዬ የምለውጠው ቢሆን ኖሮ ለቀበሌው እለውጠው ነበር።

ልጆች "ለአንድ ካሴት ብለሽ?" ይሉኛል። አዎ፣ ለአንድ ካሴት። ትልልቁን ነገር ማንም አላስመረጠንም፤ የደረሰኝ ይኸው ነበር፣ እሱን ይዤ ቆምኩ። አሁን አርጅቻለሁ፤ ስናገር ሰው ሁሉ "እውነትዎን ነው" ብሎ ዝም ይለኛል። አክብሮት ነው መሰል። እኔን ግን ብቻዬን ያስቀረኛል። ተሳስተሻል ብሎኝ፣ መሳሳቴን ሊነጥቁኝ የመጡትን ደግሞ በጥፊ ባበጠ ፊቱ የሚጋፈጥልኝ አንድ ሰው ነበረኝ፤ እሱ ሰኮሩ ተቀብሯል።