የተራበውን አልፎ የሄደው ስንዴ

ይህ የደረሰብኝ አምና ከመስቀል በኋላ ነው። እስካሁን የማልረሳው ስለተራብን አይደለም፤ መንዝ ረሃብን ያውቀዋል። የማልረሳው በእኛ ስም የመጣ እህል በገዛ እጄ ተፈጭቶ የማን ስንቅ እንደሆነ ስላየሁ ነው።

ከዘመሮ ወጣ ብሎ ባለች ትንሽ ከተማ ወፍጮ ቤት አለኝ። በዚያ ዓመት ገብሱ ሊያሸት ሲል በረዶ መታው። ወፍጮዬም ከሰው ጋር ጾም ዋለ። በኋላ የውጭ አገር እርዳታ መጣ ተባለና ሰው ሁሉ ወደ ቀበሌው መጋዘን ወጣ።

ጎረቤቴ እማማ የሺም ሄዱ። ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፤ ያላቸው አንድ ልጅም ከቤት ከጠፋ ቆይቷል። ጫካ ገብቷል የሚል ወሬ ነበር፤ እሳቸው ግን ይኑር ይሙት አያውቁም። እህሉን የሚያከፋፍለው የቀበሌው ሊቀመንበር በዕድሜ እናቱ የሚሆኑትን ሴት በሰው ፊት «አንቺ» እያለ፣ «ልጅሽን አምጪና ስንዴሽን ውሰጂ» አላቸው። ባዶ ስልቻቸውን አጥፈው ተመለሱ። እንደሳቸው የተመለሰው ብዙ ነው። ልጁን ሚሊሻ ያላስገባ፣ ስብሰባ የቀረ፣ ሊቀመንበሩን ቀና ብሎ ያየ ሁሉ «ጉዳይህ ይጣራል» ተባለ።

በማግስቱ ከከተማዋ ዳር ካለው የጦር ካምፕ የመጡ ወታደሮች ስንዴውን በመኪና አምጥተው ወፍጮ ቤቴ ደጅ አራገፉት። ጆንያው ላይ የፈረንጆቹ ባንዲራ አለ። ሊቀመንበሩም አብሯቸው ነበር።

«ይህ የእርዳታው አይደለም እንዴ?» አልኩት።

«ወታደርስ ሕዝብ አይደለም? ይልቅ ሞተርህን አስነሳ» አለኝ እየሳቀ።

መሣሪያ የያዘ ሰው በራፌ ላይ ቆሟል። አስነሳሁ። እስኪመሽ ፈጨሁ። እማማ የሺ ደጄ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲያዩ ዋሉ። አንድ ጭብጥ ዱቄት ላቀብላቸው ብል ወታደሩ በሰደፉ ገፍቶ መለሰኝ።

ብዙም ሳይቆይ የእርዳታ ድርጅቱ ፈረንጅ መጣች። ሊቀመንበሩ ሰዉን ወፍጮ ቤቱ ፊት ሰብስቦ ጠበቃት። እሷም ከከተማ ባመጣችው አስተርጓሚ፣ ስንዴው ደርሷችኋል ወይ ብላ ጠየቀች። ሰዉ ሊቀመንበሩን አየና «ደርሶናል፤ እግዜር ይስጥልን» አለ።

«ለእኔም ደርሶኛል። ፈጭቼ ለካምፑ ልኬዋለሁ» አልኩ።

አስተርጓሚው ዞሮ ሊቀመንበሩን አየ። ፈረንጇ ምን አለ ብላ ደግማ ስትጠይቀው አቀርቅሮ ነገራት። ትደነግጣለች ብዬ ነበር። አልደነገጠችም። ሊቀመንበሩ እንዳይሰማ እኔንና አስተርጓሚውን ፈንጠር አድርጋ ወሰደችንና፣ «እናውቃለን። ግን ይህን ካወራን መንገዱን ይዘጉብናል፤ ለሌላው የሚደርሰውም ይቀራል» አለች። ድምጿ የለሰለሰ ነው፤ በሽተኛ የምታባብል ነው የምትመስለው።

«ሌላው ማን ነው?» አልኳት።

የጎረቤት ቀበሌ ስም ጠራችልኝ። እዚያ የሚያከፋፍለው የሊቀመንበሩ እህት ባል ነው።

እማማ የሺ ለካ ተከትለውን ኖሯል። «አንተ ልጅ፣ ንገርልኝ» አሉት አስተርጓሚውን። «አገሯ ስትገባ የሺን አበላሁ ብላ እንዳታወራ። ሌላ የምፈልገው የለም።»

ይህ ሲነገራት የፈረንጇ ዓይን እንባ አቀረረ። ከመኪናዋ ብስኩት አውጥታ ሰጠቻቸው። እማማ የሺ በሁለት እጃቸው ተቀበሉና መልሰው የመኪናው ኮፈን ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ወፍጮ ቤቴ በዚያው ሳምንት ታሸገ። ምክንያቱን የነገረኝ የለም። እስከ ፋሲካ ተዘግቶ ቆየ፤ የከፈቱልኝም ለካምፑ የሚፈጭላቸው ሲያጡ ነው። እማማ የሺን ጎረቤቱ ከሌለው ላይ አንዱ ቆሎ፣ አንዱ ሽሮ እያቀመሰ አቆያቸው። ዛሬም አሉ። የእርዳታው ጭነትም ዘንድሮ መጥቷል። ሊቀመንበሩ ለረጂዎቹ ምስጋና አቀረበ፤ እኛም አጨበጨብን።

እርዳታው ቢቀርስ ይሻላል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። የራበው ሰው ባለበት አገር እህል ይቅር የሚል አፍ የለኝም። ንቀቴን ግን ማንም አይከለክለኝም። ሊቀመንበሩ ብዙም አይገርመኝም፤ ጅብ አህያ በላ ተብሎ ማን ይደነቃል? እኔ የምንቀው አህያዋን ጎትቶ ጉድጓዱ አፍ ድረስ ካደረሰለት በኋላ ቆሞ የሚያለቅሰውን ነው።