ያልታረመችው ቁራጭ

በነሐሴ፣ ስለ ሩዝ አረም ልዘግብ ከወረታ ወደ ቁሐር ሚካኤል ስሄድ ባጃጁ ጭቃ ያዘው፤ ቀሪውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ሜዳው ውሃ ለብሷል። ከአንድ ማሳ መሃል፣ ከሩዙ በላይ፣ ወርቃማ ዘውድ ብቅ ብሎ አየሁ። ቀጥሎ ጥቁር አንገት፣ ነጭና ቀይ ጉንጭ ታየኝ። ረጅም ወፍ ነው። በሥራዬ ብዙ አገር ዞሬያለሁ፤ እንዲህ ረጋ ብሎ የሚያይ ወፍ ግን አልገጠመኝም። የመጣሁበትን ረስቼ ቆምኩ።

«እባክዎ አይጠጉ!» አለችኝ የማሳው ባለቤት፣ ከኋላዬ ደርሳ። «ይኼ ጠባቂው ነው። ሌላዋ ሩዙ ውስጥ እንቁላል ታቅፋለች።»

ዕለቱ የወንፈል ተራዋ ነበር። ለጎረቤቶቿ ስታርም ከርማ፣ አሁን እነሱ ለእሷ ሊያርሙ መጥተዋል። ጎጆው ያለበትን ቁራጭ ካረሙት ወፎቹ ጥለው ይሸሻሉ ብላ ፈርታ፣ እንዲተዉላት ለመነቻቸው። ካላረሙት ደግሞ የሚጠፋው የአራሚዎቹ ስም ነው፤ የወንፈል ሰው አረም ትቶ አይሄድም።

«ዘንድሮ ለወፍ ነው የዘራሽው?» አሏት የአራሚዎቹ መሪ፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት የሰበሰቡ ሽማግሌ።

«ለእርስዎም ዘርቻለሁ፣ አባባ። እነሱ እንኳ ጠላዬን አይጨርሱብኝም።»

ሰዉ ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም።

«ነገ መንገደኛው ‹ጠጥተው ሳያርሙ ሄዱ› ይለናል። በዚህ ዕድሜዬ ሰነፍ ልባል?»

«ሰነፍ ያለዎትን ወደ እኔ ይላኩት።»

ሽማግሌው ወደ ውሃው ገቡ። አራሚዎቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ ሽማግሌው ዘፈን እያወጡ ሌላው እየተቀበለ፣ ዘፈኑ ወደ ጎጆው ቀረበ። ሴትዮዋ ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ትመለከታለች። ጠባቂው ወፍ አልሸሸም። ክንፉን ዘረጋ፤ ጥቁር የመሰለኝ አካል ድንገት ነጭ ሆነ። ሽማግሌው ዘፈናቸውን አቋረጡ። አውጪው ዝም ሲል ተቀባዩም ዝም አለ። ሁሉም እንዳጎነበሱ ቀሩ።

ሽማግሌው ወፉን አዩት፤ ወፉም አያቸው። ከዚያ እጃቸውን ወደ ጎን ዘረጉ። ሰልፉ ለሁለት ተከፍሎ፣ ቁራጯን ከሩቅ ዞሮ አለፈ። ወፉ ክንፉን አጠፈ።

እንቁላሎቹን እኔ አላየሁም። ሁለት ናቸው ብላኛለች፤ ላጣራ አልጠጋም።

ወደ ማታ፣ አራሚዎቹ እግራቸውን ሲታጠቡ፣ በሬ የሚነዳ ጎረቤት መንገዱ ላይ ቆመ። በታረመው ማሳ መሃል አረም የዋጣት ቁራጭ ከሩቅ ትታያለች።

«እናንተ! ያቺን ለማን ተዋችኋት? ወገብ አነሳችሁ?»

ሴትዮዋ ለሽማግሌው የሰጠችውን ቃል ልትጠብቅ ፈጥና ተነሳች። ሽማግሌው ቀደሟት።

«እንግዳ ተኝቶ ቤት ይጠረጋል እንዴ? በሬህን ንዳ!»