በመሸሻው መንገድ ላይ

ሮስማኒያር በፓዳንግ ከተማ የባሕር ዳርቻ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ጓሮ ሃያ ስድስት ዓመት ሙዝ ጠብሳ ሸጣለች። ጋሪዋ የሚቆመው በትምህርት ቤቱ ግንብና በዓሣ መጋዘኑ መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ አፍ ላይ ነው። ወደ ኮረብታው የምታወጣዋም መንገድ ይህቺው መተላለፊያ ብቻ ናት።

በየሦስት ወሩ የሱናሚ ልምምድ ይደረጋል። ደወል ሲደወል ልጆቹ ቦርሳቸውን አናታቸው ላይ አድርገው ይሮጣሉ፤ ጋሪው ጋ ሲደርሱ ግን አንድ በአንድ ይሾልካሉ። ርዕሰ መምህሩ ስያፍሪል ሰዓቱን እያየ ይንገበገባል።

«እትዬ ሮስማኒያር፣ በፈጠረሽ! ባሕሩ ከመጣ የሚሰጠን ሃያ ደቂቃ ነው። እኛ ኮረብታው ላይ ለመድረስ ሃያ ስድስት ፈጀን። ይሄን ጋሪ ወደ ፊት ለፊቱ በር ውሰጂልን።»

«አንተ ራስህ በዚሁ ጋሪ ሙዝ አይደል እንዴ ያደግኸው? ያን ጊዜ አልጠበበህም!» ልጆቹ ሳቁ። «ደግሞ ስሙን እየጠራችሁ አታምጡብን። ከመጣ ጋሪውን ገፋ አደርገዋለሁ።»

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ደወሉ በተደወለ ቁጥር ጀርባዋን ለባሕሩ ትሰጣለች። ባሏን የወሰደባት ባሕር ነው። ጋሪውን ማንሳት ያ ባሕር ተመልሶ እንደሚመጣ ማመን መስሎ ይታያታል፤ ያንን አልደፈረችም።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ፣ ለእረፍት አሥር ደቂቃ ሲቀር፣ ዘይቱ እንደጋለ የመጋዘኑ ቆርቆሮ ይንጫጫ ጀመር። ከዚያ ምድሪቱ ከእግሯ ሥር ተንሸራተተች። የጋሪውን ጠርዝ ጨመደደች። ልጆቹ በልምምድ ሲቆጥሩ ስትሰማ የኖረች ናትና ሳታስበው መቁጠር ያዘች፤ መንቀጥቀጡ ከስልሳ ካለፈ ሩጡ ነው የሚባሉት። ሰባ አራት ላይ ቆመ። ደወሉ ተደወለ። በዚህኛው ደወል የሳቀ ልጅ አልነበረም።

ምድጃውን አጥፍታ ጋሪውን ገፋችው። ንቅንቅ አላለም። መንኮራኩሮቹ ዝገው ተጣብቀው ኖሯል። በትከሻዋ ብትገፋው ድስቱ ተገለበጠና የፈላው ዘይት ሲሚንቶው ላይ ፈሰሰ። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ደግሞ ደርሰዋል።

«ቁሙ! ዘይት ነው፣ ቁሙ!»

«እንዳትቆሙ!» አለ ስያፍሪል ከኋላ፤ ዘይቱ አልታየውም።

የአራተኛ ክፍሏ ዩልያኒስ አንድ እግሯን ዘይቱ ላይ አሳርፋ ጩኸቷን አቀለጠችው። ሮስማኒያር የዱቄት ከረጢቱን ቀድዳ መሬቱ ላይ ደፋች። ስያፍሪልና ሁለት መምህራን ደርሰው፣ ከእሷ ጋር አራት ሆነው ጋሪውን ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ገለበጡት። ልጆቹ ዱቄቱን እየረገጡ እንደ ጎርፍ አለፉ።

ሮስማኒያር ዩልያኒስን አዝላ ተከተለች። በመንገዱ የሚያልፈው የሞተር ሳይክል ድምፅ ሁሉ የውሃ ድምፅ ይመስላታል።

«እትዬ፣ መጣ እንዴ?»

«አላውቅም ልጄ። ወደ ኋላ እንዳታዪ።»

እሷም አላየችም።

ኮረብታው ላይ ስያፍሪል ልጆቹን ቆጠረ፤ አንድም አልጎደለም። ሰዓቱን አየ፤ ሃያ አምስት ደቂቃ። ከዚያ ቀና ብሎ አያትና ፊቱን አዞረ። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ባሕሩ ከታች ዝም ብሎ ተኝቷል፤ እነሱ ግን ዓይናቸውን ከእሱ ላይ ሊነቅሉ አልቻሉም። ከሰዓት በኋላ ወደቡ ላይ ውሃው ከፍ ያለው ስንዝር ብቻ መሆኑ ተሰማ። ልጆቹ ጨፈሩ። ሮስማኒያር ሣሩ ላይ ተደፍታ አስታወከች።

ጋሪው ከቦዩ ሲወጣ ወደ ቦታው አልመለሰችውም። አሁን በፊት ለፊቱ በር፣ በአንዲት ጠረጴዛ ላይ ነው የምትሸጠው። በየቀኑ ማታ ማታ የቃጠሎ ቅባት ይዛ ዩልያኒስ ቤት ትሄድ ነበር። የልጅቷ እናት ኤልፊራ ቅባቱን በበሩ ክፍተት ተቀብላ ትዘጋባታለች። በዘጠነኛው ቀን በሩ ተከፈተ።

«እግሯ ደህና ነው፣ እትዬ። ትናንት ረገጠችበት።» ኤልፊራ ፊቷን አስተውላ አየቻት። «አንቺስ፣ እንቅልፍ ወሰደሽ?»

«አልወሰደኝም።»

«እኔንም» አለችና እንድትገባ ከበሩ ገለል አለችላት።